ባለቅኔው ጠመንጃ ነጋዴ

ጠመንጃ መሸጥ አቡጀዲና ስኳር እንደ መሸጥ ያለ ቀላል ሥራ አይደለም። አቡጀዲ የሚገዛ ሰው በክንዱ ለክቶ፣ በዋጋው ተከራክሮ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ግን አፈሙዙን አይቶ፣ ቃታውን ስቦ፣ ሰደፉን በትከሻው ላይ አሳርፎ ሲያበቃ፣ ከባንኮኒው ማዶ የቆመውን ሻጭ ደግሞ እንደ ዕቃው አድርጎ ይመረምረዋል። ሻጩም በበኩሉ ይህ ደንበኛ ማን እንደ ሆነ፣ መሣሪያውን ለምን እንደሚፈልገው፣ ስለ መሣሪያ ያለውም ዕውቀት እስከ ምን እንደሚደርስ አስቀድሞ መመዘን ይገባዋል። ይህን ሳይመዝን የሚሸጥ ነጋዴ ወይ የሰው ደም ያስፈስሳል፤ ወይም የራሱን ገንዘብ ያፈስሳል።

በዛሬው እሑድ የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት ሰው ሁለቱንም በራሱ ያየ ነው። በወጣትነቱ በዚያው ዕለት ከሱቅ በተገዛ ሽጉጥ ቆሰለ፤ ጐልማሳ ሆኖ ደግሞ ደንበኛውን ሳይመዝን ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሄዶ ያሰበውን ትርፍ አጣ። ይህም ሰው የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ስላለ የራምቦ ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሰማው ስለ ባለቅኔነቱ ነው እንጂ ስለ ነጋዴነቱ አይደለም። ስለዚህ እኛ በቅኔው ላይ ብዙ ሳንቆይ ወደ ንግዱ እናመራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የብራስልሱ ሽጉጥ

ራምቦ የተወለደው በኦክቶበር 20 ቀን 1854 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሻርልቪል ከተማ ነው። አባቱ የጦር ሠራዊት ሻምበል ነበሩ፤ ልጁ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ቤታቸውን ትተው ሄዱና አልተመለሱም። እናቱ ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለዱ፣ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ፣ ገንዘብ ቈጣቢ፣ በልጆቻቸውም ላይ እጅግ ጥብቅ የሆኑ ሴት ነበሩ። ልጁ በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም ተሸላሚ ሆነ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላውም ትልልቆቹን ባለቅኔዎች የሚያስደንቅ ግጥም ይጽፍ ጀመር።

በ1871 ዓ.ም. ሰካራሙ መርከብ የሚባለውን ግጥሙን ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደ። የጠራውም ዝናው የታወቀው ባለቅኔ ፖል ቬርሌን ነበረ። ቬርሌን በዕድሜ ዐሥር ዓመት ይበልጠዋል፤ ሚስትና ልጅም ነበረው። ሁለቱ ባለቅኔዎች ፍቅርና ጠብ በተቀላቀለበት ኑሮ ከፓሪስ ወደ ለንደን፣ ከለንደን ወደ ብራስልስ እየተዘዋወሩ፣ እየተጣሉና እየታረቁ ሁለት ዓመት ያህል አሳለፉ።

በጁላይ 10 ቀን 1873 ዓ.ም. ጠዋት ቬርሌን በብራስልስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የጦር መሣሪያ ሱቅ ገባ። ስድስት ጥይት የሚጐርስ፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽጉጥ መርጦ 23 ፍራንክ ከፈለ። ይህን ታሪክ ባነበብን ቍጥር ከባንኮኒው ኋላ የቆመውን ሻጭ እናስባለን። ከፊቱ የቆመው ደንበኛ እንደ ጨዋ ሰው የለበሰ ነው፤ የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሏል፤ ሕግም አላፈረሰም። የሰውን ልብ ግን በሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት አይቻልም። ከቀትር በኋላ ራምቦ ጥሎት ወደ ፓሪስ ሊሄድ መሆኑን ሲነግረው፣ መጠጥ የጠጣው ቬርሌን ሽጉጡን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ተኰሰ። አንደኛው ጥይት የራምቦን ግራ የእጅ አንጓ መታ። ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ራምቦም ቍስሉን ጠግኖ ወደ እናቱ እርሻ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በገሃነም ያለፈ ወራት የሚለውን መጽሐፉን ጽፎ እዚያው ብራስልስ አሳተመ። የተቈረጠው 500 ቅጂ ነበረ፤ ራምቦ ግን የማተሚያውን ሒሳብ ከፍሎ መጨረስ ስላልቻለ ጥቂት ቅጂ ብቻ ወሰደ። የቀረው ከማተሚያ ቤቱ ግምጃ ቤት ተቈልፎበት እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ አቧራ ሲጠጣ ኖሮ፣ ደራሲው ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ የቤልጅግ መጽሐፍ ሰብሳቢ ከ400 በላይ የሚሆን ቅጂ አገኘ። እንግዲህ ራምቦ ለገበያ አውጥቶ ገዢ ያጣበት የመጀመሪያው ሸቀጥ መጽሐፉ ነበረ ማለት ይቻላል። ወደ ሃያኛው ዓመቱ ከገባ በኋላ ቅኔን ፈጽሞ ተወ፤ እስኪሞትም ድረስ አልተመለሰበትም።

ከኤደን እስከ ሐረር

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮው የመንከራተት ኑሮ ነው። በ1876 ዓ.ም. ለሆላንድ የቅኝ አገር ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ሄዶ ከሠራዊቱ ኰበለለ። ቈይቶም በቆጵሮስ ደሴት የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ። በመጨረሻ በ1880 ዓ.ም. በኦገስት ወር ሥራ ፍለጋ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካሉት ወደቦች ሲዞር ኤደን ደረሰ፤ እዚያም አልፍሬድ ባርዴ የሚባል ፈረንሳዊ የቡና ነጋዴ ቀጠረው። የመጀመሪያ ሥራው ቡና የሚለቅሙትንና የሚያበጥሩትን ሴቶች መቈጣጠር ነበረ።

ባርዴ በሐረር አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት ራምቦን በዓመት 1,800 ሩፒ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤት፣ ከትርፉም ከመቶ አንድ ሊሰጠው ተዋውሎ ላከው። ራምቦ ከዘይላ ተነሥቶ በፈረስ በረሓውን ሃያ ቀን ያህል አቋርጦ በ1880 ዓ.ም. መጨረሻ ሐረር ገባ። በዚያን ጊዜ ሐረር በግብፆች እጅ ነበረች። ከ1875 እስከ 1885 ዓ.ም. ግብፆች ይዘዋት ሲኖሩ በወታደሮቻቸው እጅ የነበረው መሣሪያ ሬሚንግቶን የሚባለው ከኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ለሚመጣው ታሪክ ይጠቅመናልና።

የድርጅቱ ቤት በፈረስ መጋላ አደባባይ ነበረ። ራምቦ ቡናውን፣ ቈዳውን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን እየመዘነ ይገዛል፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ ይሸጣል። ዐረብኛ አስቀድሞ ይሞክር ስለ ነበረ ቶሎ አሠለጠነው፤ የአገሩንም ቋንቋዎች እየለመደ ከገጠር ቡና ጭኖ ከሚመጣው ገበሬና ከሲራራ ነጋዴው ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ቻለ። ወደ ኤደን ወርዶ በ1883 ዓ.ም. ወደ ሐረር ከተመለሰ በኋላም ስለ ኦጋዴን አገር የላከው ማስታወሻ በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመለት። ለእናቱ በሚልከው ደብዳቤ ግን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ብቸኝነቱና ስለ ገንዘብ ማነስ ያማርር ነበረ። በ1884 ዓ.ም. የባርዴ ኩባንያ ሲከስር የሐረሩ ቤት ተዘጋና ራምቦም ወደ ኤደን ወረደ።

አርባ ዓመት ያለፈው ጠመንጃ

በ1885 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ፒየር ላባቱ ከሚባል በሸዋ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ማኅበር ገባ። ሐሳባቸው ጠመንጃ ከአውሮፓ አስመጥተው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ለመሸጥ ነበረ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ነበሩ፤ መሣሪያ አጥብቀው እንደሚፈልጉም በባሕሩ ዳርቻ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቅ ነበረ።

ዕቃው 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግቶን ጥይት ነበረ። አንባቢ ጠመንጃው ምን ዓይነት እንደ ነበረ መጠየቁ አይቀርም። ባሩዱና አረሩ ከአፈሙዙ በዘንግ እየተጠቀጠቀ የሚጐርስ፣ ከቃታው በታች በሚቀመጥ ትንሽ የመዳብ ቆብ እሳት የሚቀበል አሮጌ ጠመንጃ ነው። የአውሮፓ ሠራዊቶች ከኋላ የሚጐርሰውን ጠመንጃ ካገኙ በኋላ ይህን ትተውታል። ራምቦ ራሱ ለቤተ ሰቡ እንደ ጻፈው፣ መሣሪያው ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጣ ሲሆን፣ በቤልጅግ በሊዬዥ ከተማና በፈረንሳይ ካሉት የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኝ ነበረ። ይህንኑ ለንጉሡ በ40 ፍራንክ ያህል ለመሸጥ አሰበ።

ለእውነት ስንል በመካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ትርፍ እንዳልነበረ መናገር ይገባናል። የመርከብ ጭነት፣ የግመል ኪራይ፣ የአጃቢ ደመወዝ፣ በየመንገዱ ለባላባቱ የሚሰጠው መተያያ ሁሉ ከዚያው የሚወጣ ነው። ቢሆንም የነገሩ ሥር ግልጽ ነው። ራምቦም ሆነ በዚያን ዘመን የነበሩት ብዙዎች አውሮፓውያን ነጋዴዎች፣ በአውሮፓ የተጣለው መሣሪያ ለአበሻ ይበቃዋል ብለው ያምኑ ነበረ። ስሕተቱም የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

የጠመንጃው ሣጥን ታጁራ ሲደርስ መከራው ጀመረ። አንድ ጊዜ ግመል ጠፋ፤ ሌላ ጊዜ የታጁራው ሱልጣንና የግመል ባለቤቶች በኪራዩ አልስማማ አሉ። ቀጥሎም በ1886 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር በተነጋገረው መሠረት በዚያ በኩል መሣሪያ እንዳይገባ ስለ ከለከለ ራምቦና ላባቱ ለሚኒስትሩ አቤቱታ ጻፉ። ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ ላባቱ በነቀርሳ ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና ብዙ ሳይቈይ ሞተ። ራምቦ ፖል ሶሌዬ ከሚባለው ከሌላው ነጋዴ ጋር ቅፍለቱን አንድ ለማድረግ ቢያስብ እርሱም በኤደን በድንገት ሞተ። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት የሚያህል ጊዜ ታጁራ ላይ ከባከነ በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ራምቦ ብቻውን የቅፍለቱ መሪ ሆኖ ተነሣ።

ጉዞው አራት ወር ፈጀ። የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ ውሃ በሌለበት በአፋር በረሓ፣ ፀሐይ እንደ ምድጃ በሚፈጅበት የድንጋይ ሜዳ አድርጎ አዋሽን ተሻገረ። ቅፍለት የሚዘረፍበት፣ ነጋዴም የሚገደልበት መንገድ ስለ ነበረ የራምቦ ዕቃ ሳይጐድል ሸዋ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። በ1887 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር አንኮበር ደረሰ። ነገር ግን ንጉሡ አልነበሩም።

በእንጦጦ

ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ነበረ። ግብፆች በ1885 ዓ.ም. ሐረርን ለቀው ሲወጡ ሥልጣኑን የያዙትን አሚር ዐብዱላሂን በ1887 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በጨለንቆ ጦርነት ድል ነሥተው ከተማይቱን ያዙ። ራምቦ በታጁራ ግመል ሲለምን በባከነው ዓመት ውስጥ የገበያው ሁኔታ ፈጽሞ ተለወጠ ማለት ነው። በሐረር ግብፆች የተዉት ሬሚንግቶን በንጉሡ እጅ ገባ። ራምቦ የሸዋን ተራራ ሲወጣ የጫነው ሸቀጥ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ጊዜው አልፎበት ነበረ።

በአንኮበር አዛዥ ወልደ ጻድቅ ዘንድ ብዙ ከተንገላታ በኋላ ራምቦ ንጉሡን ለማግኘት ወደ እንጦጦ ሄደ። አዲስ አበባ ገና በመቈርቈር ላይ ነበረች። በማርች ወር ንጉሡ ከዘመቻ ሲመለሱ ራምቦ ቆሞ አየ። ከፊት በሐረር የተማረከውን የግብፅ መለከት የሚነፉ ሰዎች ይሄዳሉ፤ ከኋላ ሠራዊቱና ምርኮው ይከተላል፤ ከምርኮውም መካከል በብዙ ሰው ሸክም የሚጓዙ ሁለት የክሩፕ መድፎች ነበሩ። አንድ ጠመንጃ ነጋዴ ደንበኛው መድፍ አሸክሞ ሲመጣ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ ግምት እንተወዋለን።

ንጉሥ ምኒልክ ስለ መሣሪያና ስለ ማናቸውም የእጅ ጥበብ የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። ያዩዋቸው የውጭ አገር እንግዶች ሁሉ እንደ መሰከሩላቸው፣ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ መኪና ሲቀርብላቸው አሠራሩን ጠይቀው፣ በእጃቸው ፈትተውና ገጥመው ካላዩ አይረኩም ነበረ። የእንግሊዙ፣ የፈረንሳዩ፣ የኢጣሊያኑ ነጋዴና መልእክተኛ ሁሉ ያመጣውን ስለሚያሳያቸው የአንዱን ዋጋ ከሌላው ያመዛዝኑ ነበረ። እንግዲህ ራምቦ አርባ ዓመት ያለፈውን ጠመንጃ ያቀረበው ከአዳል ጠረፍ እስከ እንጦጦ ባለው አገር ውስጥ መሣሪያን ከሁሉ ይልቅ ለሚያውቅ ደንበኛ ነው።

ንግዱም የተፈጸመው እንደዚሁ ነው። ንጉሡ በመጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ በእጃቸው አደረጉ። ቀጥለው በችርቻሮ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ ከለከሉ። ከዚያም ዕቃውን በጅምላ በዝቅተኛ ዋጋ ካልሸጠ በራሱ ኪሣራ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንደሚመልሱበት አስታወቁት። ራምቦ ያን ሁሉ ጠመንጃ አስጭኖ በዚያ በረሓ ሊመለስ አይችልም፤ ይህንንም ንጉሡ ያውቃሉ። ስለዚህ በተባለው ዋጋ ሸጠ። የንጉሡ የቅርብ ሰው የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በመካከል ገብቶ በሚቻለው መጠን ረዳው።

ዋጋው ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ነገር ተነሣ። ሟቹ ላባቱ የንጉሡ ባለ ዕዳ ነበረና ይህ ከሒሳቡ ተቀነሰ። የላባቱ ባለ ዕዳነት ግን በንጉሡ አላበቃም። መሞቱ ሲሰማ ከየአቅጣጫው አበዳሪ ነኝ የሚል ሁሉ ራምቦን ከበበው፤ ላባቱ በሸዋ ያገባት ሴትም ንብረቱን ጠየቀች። ራምቦ ከእርስዋ ቤት ገብቶ ላባቱ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈባቸውን 34 ደብተሮች አግኝቶ ሴትዮዋ እየረገመችው በእሳት አቃጠለ፤ ኋላ ግን ከደብተሮቹ ውስጥ ጠቃሚ የውል ጽሑፍ እንደ ነበረ ሲነገረው ተጸጸተ። ከአበዳሪዎቹም መካከል ድሆች የሆኑትን፣ ይልቁንም በመንገድ የሞቱትን የላባቱን አሽከሮች ዘመዶች፣ አዝኖላቸው ከኪሱ ከፈለ። ጨካኝ ነጋዴ ነበረ ለሚሉት ይህ መልስ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የቀረለት ወደ 9 ሺህ የሚሆን የማርያ ትሬዛ ብር ነበረ። እርሱም ቢሆን በጥሬ ገንዘብ አልተሰጠውም፤ የሐረሩ ገዥ ደጃዝማች መኰንን፣ ማለት በኋላ ራስ መኰንን፣ እንዲከፍሉት የሚያዝ ወረቀት ተጻፈለት። በሜይ ወር ዡል ቦረሊ ከሚባል ፈረንሳዊ አሳሽ ጋር በምንጃርና በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ወረደ። ደጃዝማች መኰንንም ከግምጃ ቤታቸው በቂ ብር ስላልነበረ አብዛኛውን በምፅዋ በሚመነዘር ወረቀት ከፈሉት። ራምቦ በኦገስት ወር ካይሮ ሲደርስ 16 ሺህ ፍራንክ የሚያወጣ ወርቅ በወገቡ ታጥቆ ነበረ፤ ክብደቱም ስምንት ኪሎ ስለ ነበረ ሆዴን አሳመመኝ እያለ ለቤተ ሰቡ ጻፈ።

ለፈረንሳይ ቆንስል ባቀረበው ሒሳብ ግን ከዋና ገንዘቡ ከመቶ 60 እንደ ከሰረና 21 ወር በከንቱ እንደ ደከመ አመለከተ። የስምንት ኪሎ ወርቅ ታጥቆ ከመቶ 60 ከሰርሁ ማለቱ ለብዙዎች የታሪክ መርማሪዎች አልተስማማም። ለእኛም የሚመስለን ያሰበውን ትርፍ ማጣቱን ኪሣራ ብሎ መቍጠሩ ነው፤ ይህም የነጋዴ ሁሉ ጠባይ ነው።

ማን በደለ?

አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ንጉሡ ምስኪኑን ባለቅኔ እንደ በደሉት አድርገው ይጽፋሉ። እኛ ግን ነገሩን ከወዲያኛው የባንኮኒ ወገን ሆነን እንድናየው ያስፈልጋል። ምኒልክ ጠመንጃ የሚገዙት ለአደን ወይም ለጌጥ አልነበረም። ኢጣሊያኖች በ1885 ዓ.ም. ምፅዋን ይዘው ወደ ደጋው ይመለከቱ ነበረ። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ በመጥፎ ጠመንጃ ላይ የሚባክን አንድ ብር የአንድ ወታደር ሕይወት ነው። ለሻጩ 40 ፍራንክ ትርፍና ኪሣራ ነበረ፤ ለገዢው ግን የአገር ጉዳይ ነበረ።

እንዲያውም ራምቦ እንጦጦን በለቀቀበት በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ኢጣሊያ ለምኒልክ 5,000 ሬሚንግቶን ጠመንጃ ልትሰጥ ተዋዋለች። ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም መሣሪያ መግዛታቸውን አላቋረጡም። ይህ ሁሉ ዝግጅት ምን እንዳስገኘ በማርች 1 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዐድዋ ታየ። ስለዚህ በእንጦጦ በራምቦ ላይ የተደረገው ጥብቅ ክርክር የስስት ክርክር ሳይሆን የጥንቃቄ ክርክር ነበረ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የሐረሩ ሱቅ

ራምቦ ከዚህ ተምሮ እንደ ሆነ ቀጥሎ ያለው ኑሮው ያሳያል። በ1888 ዓ.ም. መሣሪያ በማስገባት ንግድ እንደገና ለመሳተፍ ቢሞክርም የፈረንሳይ መንግሥት የሰጠውን ፈቃድ መልሶ ስለ ነሣው ነገሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ሴዛር ቲያን ከሚባል የኤደን ነጋዴ ጋር ተስማምቶ በሐረር የራሱን ሱቅ ከፈተ፤ እስከ 1891 ዓ.ም. ድረስም ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ተቀምጦ ነገደ።

በሱቁ ቡና፣ ቈዳ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይገዛል፤ ጨርቅ፣ ድስትና መጥበሻ፣ ልዩ ልዩ ጥቃቅን ዕቃም ይሸጣል። ወደ ሸዋ የሚልከውን ዕቃ የሚሸጥለት ወዳጁ ኢልግ ነበረ። ኢልግም በየደብዳቤው ይወቅሰው ነበረ፤ ለምሳሌ መጻፍ ለማያውቅ ሰው የኪስ ማስታወሻ ደብተር እንዴት አድርጌ ልሽጥ እያለ ያፌዝበታል። ከዚህ እንደምንረዳው የደንበኛን ፍላጎት የመመዘን ነገር ለራምቦ እስከ መጨረሻው ከባድ ትምህርት ሆኖበት ነበረ። ሆኖም በሚዛኑና በቃሉ የታመነ ነጋዴ መሆኑን በዘመኑ የነበሩት መስክረውለታል። ደጃዝማች መኰንንም ወዳጁ ሆኑ።

አንድ ነገር ሸፍነን ለማለፍ አንወድም። በ1889 ዓ.ም. መጨረሻ ራምቦ ለግል አገልግሎቱ አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲፈልግለት ለኢልግ ጻፈ። ኢልግም ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና ወደ ፊትም እንደማይጀምር ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለውም። ራምቦ ባሪያ ይነግድ ነበረ የሚለው ወሬ በማስረጃ ያልተደገፈ ሆኖ ቢገኝም፣ ይህ ደብዳቤ ግን በስሙ ላይ የቀረ ነቍጥ ነው።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1891 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ቀኝ ጕልበቱ ያብጥ ጀመር። በመጀመሪያ የደም ሥር በሽታ መስሎት እናቱን የሚለጠጥ ረጅም የእግር ሹራብ እንዲልኩለት ጠየቀ። ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ አልጋውን ከመስኮቱ አጠገብ አስጠግቶ ተኝቶ ሚዛኑን ይቈጣጠር ነበረ። ሥራ መቀጠል እንዳልቻለ ሲያውቅ ዕቃውን በርካሽ ሸጦ፣ በኤፕሪል 7 ቀን 16 ሰዎች በሚሸከሙት ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ከሐረር ወጣ። በበረሓው ዝናብ እየመታው፣ መጠለያና ምግብ እያጣ፣ በዐሥራ ሁለት ቀን ዘይላ ደረሰ። ኤደን ላይ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ሲዘጋ ከ36 ሺህ ፍራንክ በላይ ተረፈለት፤ ያ ሁሉ ዓመት የደከመበት ገንዘብ ይኸው ነው።

በሜይ ወር ማርሴይ ደርሶ ከሆስፒታል ሲገባ ሐኪሞች ቀኝ እግሩን ቈረጡት። ራስ መኰንንም ይህን በሰሙ ጊዜ ማዘናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉለት። ለጥቂት ሳምንት ወደ እናቱ እርሻ ሄዶ ነበረ፤ ነገር ግን በሽታው ወደ ሌላው አካሉ ስለ ተዛመተ ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር ወደ ማርሴይ ተመለሰ። በኖቬምበር 10 ቀን 1891 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት በሐረር ላገለገለው ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥለት ለእኅቱ ተናዞ ነበረ፤ ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚም ሞቶ ስለ ተገኘ ለወራሾቹ ተሰጠ።

እርሱ በሐረር ቡና ሲመዝን ግጥሞቹ በፓሪስ ይታተሙና ስሙ ይገን ነበረ። ዛሬ በዓለም ላይ ራምቦን የሚያስታውሱት ቅኔውን የሚያነቡ ናቸው። የብራስልሱ ሽጉጥ እንኳ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ለሐራጅ ቀርቦ ከ430 ሺህ ዩሮ በላይ ተሸጠ፤ ሱቁ በ23 ፍራንክ የሸጠው መሆኑን ያስታውሷል። ራምቦ በግመል አስጭኖ ያመጣው ጠመንጃ ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል አላወጣለትም።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ የሚሸጥለትን ሰው ማወቅና ማክበር አለበት። ቬርሌን ሽጉጥ ሲገዛ ሻጩ የደንበኛውን ልብ ማየት አልቻለም፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። ራምቦ ግን የደንበኛውን ዕውቀት ማየት ይችል ነበረ፤ ነገር ግን አላየም። ገዢ ሁሉ አላዋቂ ነው ብሎ የተነሣ ነጋዴ፣ ከባንኮኒው ማዶ ምኒልክ ቆመው ሊያገኝ ይችላልና።